የእህል በረንዳ የዝናም ውሃ

አንባቢ ሆይ፤ በሐምሌ ወር ጤፍ ለመሸመት ወደ እህል በረንዳ ቢወርዱ፥ ከዋጋው አስቀድሞ የሚያስጨንቅዎ የመንገዱ ጎርፍ ነው። እርጥበት የነካው እህል ይሻግታልና ነጋዴው ኬሻውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በጣውላ ላይ ይደረድራል። ውሃው ከሰማይ መጣ ብለን ብናልፍ ግን ነገሩን አልመረመርነውም።

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናም ሲወርድ አንድ ሊትር ይሆናል። ስለዚህ የ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣራ፥ 20 ሚሊሜትር በዘነበበት ቀን፥ 2,000 ሊትር ያፈሳል፤ ይኸውም ዐሥር በርሜል መሆኑ ነው። ጣራ ከጣራ ተጋጥሞ፥ መንገዱም በአስፋልት ተሸፍኖ ሳለ፥ መሬቱ ውሃውን የሚጠጣበት ስፍራ የለውም። ውሃውም ገለባና ላስቲክ እየገፋ ቦዩን ይደፍንና ወደ ታችኛው ሠፈር፥ ኋላም ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል።

ገበያው ቀድሞ በአራዳ፥ በጊዮርጊስ አጠገብ ነበረ። ወደ አዲስ ከተማ ያዛወረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው ጠላት ሲሆን፥ የፕላኑ አሳብ አገሬውን ከፈረንጁ ለመለየት ነበር። ሆኖም በረንዳ የተባለው ነገር ራሱ፥ ሸማቹንም ሸቀጡንም ከዝናምና ከፀሐይ የሚያስጠልል በመሆኑ፥ ለአየራችን የሚስማማ አሠራር ነው።

እንግዲህ ዛፍ እንትከል የሚለው ይመጣል። በእህል በረንዳ መካከል ጫካ ይተከል የሚል ሰው ቢኖር፥ የጭነት መኪናና ተሸካሚ የሚተላለፉበትን መንገድ ያላየ ነው። የባሕር ዛፍም በ1880ዎቹ ዓመታት ገብቶ ከተማዋን ከማገዶ እጦት ያዳነ ባለውለታ ቢሆንም፥ ውሃ በብርቱ ይስባል፤ ከሥሩም ሣር እምብዛም አይበቅልም። ጎርፍን የሚያዘገየው ደግሞ ከዛፉ ይልቅ በሥሩ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። ስለዚህ ከገበያው በላይ ባለው ተዳፋት፥ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ፥ ወይራ፥ ጽድና ዝግባ ከሣር ጋር ቢተከሉ ይሻላል። አዝጋሚ ናቸው የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የድሮ አድባራትን ቅጥር ይመልከት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከልም አገር በቀሎቹን ያሳያል።

በገበያው ውስጥ የሚበጀው ሌላ ነው፤ ለየጣራው አሸንዳና በርሜል፥ በመንገዱ ዳርም ውሃ የሚያሰርግ፥ በጠጠር የተሞላ ጠባብ ቦይ። የሕንፃ ፕላን በጠረጴዛዎ የሚያልፍ ሹም ከሆኑ፥ ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ የዚህ ጣራ ውሃ ወዴት ይገባል?