ልጆቻችን ቤት ተዘግቶባቸው ምን ይጫወቱ? ሦስት የተረሱ የድሮ ጌሞች

“ጋሼ፣ እናንተ ጋዜጠኞች ከምርጫና ከእስር ሌላ አትጽፉም። ልጆቻችን ቤት ተዘግቶባቸው ምን ይጫወቱ?” ሲል አንድ ባለሱቅ ወዳጃችን እዚህ ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ቡና እየጠጣን ሳለ ወቀሰን።

ወቀሳውን ተቀብለናል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ከአሌክሳንድራ ተነስቶ በደቡብ አፍሪካ በተዛመተው መጤ ጠል ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በ2015 እና በ2019ም ጥቃቱ ተደግሟል። በየሎኬሽኑ ሱቅ የከፈቱ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ደጅ ለመልቀቅ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። ችግሩ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ የቀረው ልጅ ብቻውን ስልክ ላይ አፍጥጦ መዋሉ ነው። በዚህ መሐል አማርኛውም ይጠፋል።

ማሪዮንና ፓክማንን ማንም ስለሚያውቃቸው እንለፋቸው። ከዚህ በታች የምናቀርባቸው ብዙ ያልተወራላቸውን ነው።

የመጀመሪያው “ባትል ሲቲ” ነው። የጃፓኑ ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኒንቴንዶ ፋሚኮም ያወጣው ሲሆን፣ በ1990ዎቹ እዚህ አገር የተሸጠው “ጎልደን ቻይና” የተባለው ርካሽ ማሽንም የዚያው የፋሚኮም ቅጂ ነበር። ሁለት ተጫዋቾች ታንክ እየነዱ አንድ የጋራ ሰፈር ይጠብቃሉ። ሰፈሩ ከተመታ ሁለቱም ተሸነፉ ማለት ነው። ጓደኛውን በስህተት የተኮሰበት ተጫዋች ለጥቂት ጊዜ ያፈዘዋል እንጂ አይገድለውም። ጠላት ግን ያቺን ቅጽበት ይጠቀምባታል። የተቃዋሚ ድርጅቶቻችን መሪዎችም አንድ ምሽት ቢጫወቱት አይጎዱም እንላለን።

ሁለተኛው “ሚዩል” ይባላል፤ በቅሎ ማለት ነው። በዳኒ ቡንተን የተነደፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ለአታሪ ኮምፒውተር የወጣ የንግድ ጌም ነው። ባለሙያዎች አወድሰውታል፤ ገበያው ግን ፊቱን አዙሮበታል። አራት ሰዎች ባዶ ፕላኔት ላይ ይሰፍሩና በየመሬታቸው የብረት በቅሎ እያሠማሩ ምግብ፣ ኃይልና ማዕድን ያመርታሉ፤ ከዚያም በጨረታ ይሻሻጣሉ። ምግብ ያከማቸ ሰው ዋጋ ማስወደድ ይችላል። ሆኖም በመጨረሻ የሚመዘነው የግል ሀብት ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ጠቅላላ ሀብት ጭምር ነው። መልካም አጋጣሚም ፊት ለሚመራው አትመጣም። የጄፒ ነጋዴ ልጅ የአባቱን ሥራ ከዚህ በተሻለ የሚማርበት ጌም አላየንም።

ሦስተኛው “ቶክሲክ በኒ” የተሠራው እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሴለስቲያል ጌምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 አወጣው፤ በ2012ም አድሶ መልሶ አቅርቦታል። ባለታሪኩ የቡና ዕረፍቱ የተቋረጠበትና ጓደኞቹ አእምሯቸው የታጠበባቸው ጥንቸል ሲሆን፣ ይህን ያደረገውን አካል ፍለጋ ይወጣል። ቡናው የተቋረጠበትን ሰው ቁጣ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም! ተኩስ ስላለበት ለሕፃናት አንመክረውም። ከፍ ላሉት ግን የተወለዱበት አገር ዜና ላይ ከሚያዩት ድብደባና ዘረፋ ሌላም ነገር እንደሚሠራ ቢያውቁ መልካም ነው። ማንም ምን ቢል አገሩ የእነርሱም ነውና።

ውድ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። የድሮ የዶስ ጌሞችን “ዶስቦክስ” የተባለው ነፃ ፕሮግራም በተራ ኮምፒውተር ያስኬዳቸዋል። ለአታሪና ለፋሚኮምም ተመሳሳይ ፕሮግራሞች አሉ።

ጌም የተዘጋ በር እንደማይከፍት እናውቃለን። የበሩ ጉዳይ የመንግሥትና የፖሊስ ኃላፊነት ነው፤ ስለ እርሱም መጻፋችንን አናቆምም። ነገር ግን ጨረታው ላይ “አስወደድክብኝ!”፣ ታንኩ ላይ “ለምን እኔን ትተኩሳለህ!” የሚለው ክርክር በአማርኛ ሊሆን ይችላል። ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ሲከራከር ነውና። ለዚህ ደግሞ አባትየው ሁለተኛውን መጫወቻ መያዝ አለበት። ወዳጃችን ሱቁን ዘግቶ ሲገባ ደክሞት እንደሆነ አልጠፋንም፤ ግማሽ ሰዓት ግን አያጣም።