ፌብሩዋሪ 29፦ ሒሳብ የምታወራርደው ቀን

ፈረንሳይ ውስጥ «ላ ቡዢ ዱ ሳፐር» የሚባል የፌዝ ጋዜጣ አለ። የመጀመሪያው እትም በ1980 ወጣ፤ 12ኛው ደግሞ በ2024። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እትሞቹ እንዲህ ያነሱት ጋዜጣው ከስሮ ወይም ታግዶ አይደለም፤ የሚታተመው ፌብሩዋሪ 29 ቀን ብቻ ስለሆነ ነው። በአንዱ እትም ላይ የወጣውን መስቀለኛ ቃላት ጀምሮ ያቃተው አንባቢ መልሱን የሚያገኘው በሚቀጥለው እትም፣ ማለትም ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ስሙም የተወሰደው በዚችው ቀን ተወለደ ከተባለ ካማምቤር የሚሉት የድሮ የሥዕል ተረት ወታደር ነው።

ሰው እንዲህ የሚቀልድባት ቀን የተፈጠረችው ግን ለቁም ነገር ነው። ወቅቶች አንድ ዙር ጨርሰው ወደ ቦታቸው ለመመለስ 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ያህል ይፈጃሉ። ዓመቱን 365 ብለን ስንዘጋው ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ትርፍ በየዓመቱ ይንከባለላል። በአራት ዓመት አንድ ቀን ያህል ይሆናል። ይህ ትርፍ ባይወራረድ ኖሮ በመቶ ዓመት ውስጥ ቀኑና ወቅቱ በ24 ቀን ያህል ይተላለፉ ነበር፤ ገበሬው በዘሩ ወር ዝናቡን አያገኝም ማለት ነው።

ነገሩን ቀድመው የጻፉት ግብፆች ናቸው። በ238 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በሦስተኛው በጥሊሞስ ዘመን፣ በካኖፐስ የተሰበሰቡ ካህናት በዓመቱ መጨረሻ ካሉት አምስት ቀኖች ላይ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ወሰኑ። ውሳኔው በድንጋይ ተቀርጾ ቢቆምም ሕዝቡ አልተከተለውም። ከሁለት መቶ ዓመት ግድም በኋላ ዩልየስ ቄሳር የተምታታውን የሮም አቆጣጠር ለማስተካከል ሲነሳ ያማከረው ሶሲጌነስ የተባለ የእስክንድርያ ሊቅ ነበር። ያለፈውን ስሕተት ለማካካስ 46 ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ዓመት 445 ቀን እንዲረዝም ተደረገ። ጭማሪዋ ቀን ለፌብሩዋሪ የደረሰችው ደግሞ በጥንቱ የሮም ልማድ ዓመቱ በማርች ጀምሮ በፌብሩዋሪ ያልቅ ስለነበር ነው። ቄሳር ሲሞት የሮም ካህናት ቀኗ በየአራት ዓመቱ እንድትጨመር የሰጠውን ትእዛዝ አጣመው በየሦስት ዓመቱ መጨመር ያዙ፤ አቃንቶ ያስያዘው አውግስጦስ ነው። እሱው በግብፅ የካኖፐስ ካህናትን አሳብ ሥራ ላይ አዋለው፤ የእኛ ጳጉሜንም ከዚያው ከግብፁ አቆጣጠር የወረደች ናት።

ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በቀኗ ላይ የየራሱን ወግ ደርቦባታል። በአየርላንድ አፈ ታሪክ ቅድስት ብሪጂድ «ወንዶቹ ለጋብቻ እስኪጠይቁ ሴቶቹ ጠብቀው ሰለቻቸው» ብላ ለቅዱስ ፓትሪክ አቤት በማለቷ፣ በዚህች ቀን ሴቷ ወንዱን እንድትጠይቅ ተፈቀደ ይባላል። በቴክሳስና በኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ ያለችው አንተኒ ከተማ ራሷን የዚህች ቀን የዓለም ዋና ከተማ ብላ ሰይማ ለባለልደቶች ድግስ ትደግሳለች። ሙዚቀኛው ጆአኪኖ ሮሲኒ በ1792 የተወለደው በዚችው ቀን ነው። ሕግም የራሱን መላ መትቷል፦ የፌብሩዋሪ 29 ልጅ ቀኗ በማትኖርበት ዓመት ዕድሜው የሚቆጠረው በኒውዚላንድ ፌብሩዋሪ 28፣ በሆንግ ኮንግ ደግሞ ማርች 1 ነው።

መላው የጠፋው ለኮምፒውተር ነው። በ2012 የማይክሮሶፍት አዙር አገልግሎት በዚህች ቀን ተቋረጠ። ፕሮግራሙ የአንድ ዓመት ማረጋገጫ ሲያወጣ ዓመቱ ላይ አንድ ብቻ ይደምር ስለነበር፣ የሌለችውን ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2013 ጽፎ ቁጭ አለ። በ2024 ደግሞ በኒውዚላንድ ደንበኛ ራሱ በካርድ ከፍሎ የሚቀዳባቸው የነዳጅ ማደያዎች ቀኗን ሳያውቋት ቀርተው ክፍያ አልቀበል አሉ።

በታሪክ መዝገብም ቀኗ ባዶ አይደለችም። በ1504 ጃማይካ ላይ ስንቅ ያለቀበት ኮሎምበስ የጨረቃ ግርዶሽ እንደሚሆን ከመጽሐፍ አውቆ ነዋሪዎቹን አስፈራራበት፤ ምግብም አገኘ። በ1940 ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር በመሸለም የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው 1896 ነው። ፌብሩዋሪ 29፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ከሳውሪያ ሰፈሩ ተነስቶ በአራት ብርጌድ ወደ ዓድዋ ገሰገሰ። በጨለማና በገደላገደል መካከል ብርጌዶቹ ተለያዩ፤ የአልበርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ፊት ወጣ። ድሉ የተገኘበት የነጋው እሑድ፣ ማርች 1፣ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር።

ዛሬ ግን የዓድዋ ድል የሚከበረው ማርች 2 ነው። የካቲት 23 ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ የተነቃነቀው የአውሮፓው አቆጣጠር ነው። በየአራት ዓመቱ ሙሉ ቀን መጨመር ከትክክለኛው በዓመት 11 ደቂቃ ያህል ያስበልጣል። ይህ ተጠራቅሞ አሥር ቀን በመሙላቱ በ1582 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ከኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 እንዲሆን አዘዙ። ወደፊትም ለ400 የማይካፈል የመቶ ዓመት መዝጊያ ፌብሩዋሪ 29 እንዳይኖረው ደነገጉ። ስለዚህ 1900 ቀኗን ሳያይ አለፈ፤ የካቲት 23ም ከማርች 1 ወደ ማርች 2 ተሻገረች፤ ከዓድዋ ዋዜማ በኋላ ፌብሩዋሪ 29 የተመለሰችው በ1904 ነው።

የእኛ አቆጣጠር እነዚያን 11 ደቂቃዎች ምሯቸዋል። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፣ ያለ ምንም ልዩነት። የወር ደመወዝተኛውም ያለ ደመወዝ የሚያሳልፋቸው ቀናት በአንድ ይጨምራሉ። በማግስቱ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ጥምቀትም ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሄዳል። ገና ብቻ ጃንዋሪ 7 ላይ ይረጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ከመጋቢት 29 ጽንሰት ጀምሮ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ስለምትቆጥር፣ በዘመነ ዮሐንስ በዓሉን ታኅሣሥ 28 ታደርገዋለች። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት የሚዘጋው ፌብሩዋሪ 29 ስትመጣ ነው። እኛ ጭማሪያችንን በሴፕቴምበር አስቀድመን እንከፍላለን፤ እነሱ ከአምስት ወር በላይ ዘግይተው ይከፍላሉ።

ይህ መተካከል እስከ 2099 ይዘልቃል። በ2100 ፌብሩዋሪ 29 ስለማትኖር የዓድዋ በዓል ወደ ማርች 3፣ እንቁጣጣሽ በተራ ዓመትም ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሸጋገራሉ፤ ከ2101 ጀምሮ ገናም ጃንዋሪ 8 ይሆናል። በውጭ አገር ለበዓል ፈቃድ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ያኔ አዲስ ቀን መልመድ አለበት። አውሮፓው ከፀሐይ ጋር ላለመለያየት አልፎ አልፎ ሥርዓቱን ይሰብራል፤ የእኛው ሥርዓቱን ላለመስበር ከፀሐይ ጥቂት መራቅን ይመርጣል። በ2096 ፌብሩዋሪ 29 የሚወለድ ሕፃን በቀኑ የሚውል የመጀመሪያ ልደቱን ለማክበር ስምንት ዓመት ይጠብቃል፤ የጳጉሜን 6 ልጅ ግን ያኔም አራት ዓመት ይበቃዋል።