«እሺ» ለየትኛው ጥያቄ?

ሦስት ጥያቄ የያዘ ኢሜይል ጽፌ ለአምስት ሰው ላክሁ። ርክክቡ ማክሰኞ ይሁን ወይስ ሐሙስ? ክፍያው በቼክ ነው ወይስ በባንክ ዝውውር? የውሉን ረቂቅ የሕግ ክፍሉ አይቶታል? በማግሥቱ መልስ መጣ፤ «እሺ፣ ይሁን» ይላል። አንዱ ማክሰኞ መስሎት መኪና ይዞ ሄደ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ደግሞ ሐሙስ ነው ብሎ ቁልፉን እንደያዘ ሌላ ሥራ ላይ ዋለ። ማን ምን ማለቱ እንደሆነ ለማጣራት ብቻ አንድ ቀን ሙሉ ተጻጻፍን።

ለዚህ ችግር መላ ከተበጀለት ቆይቷል። ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በኔትወርክ የመጀመሪያውን ኢሜይል ከላከ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ተጠቃሚዎች አንድ ጥሩ ልማድ አዳበሩ። የሚመልሱለትን ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀርተው ከፊቱ የ«>» ምልክት ያኖራሉ፤ መልሳቸውን ከሥሩ ይጽፋሉ። ምልክቱ ሁለት ከሆነ ቃሉ ከዚያም በፊት ከነበረ ኢሜይል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1995 የወጣው አርኤፍሲ 1855 የተባለ የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያም ይህንኑ መከረ፦ የተጻፈልህን ከላይ ጨምቀህ አስታውስ፣ ወይም ነገሩን ለመረዳት የሚበቃውን ያህል ጥቀስ። ኋላ ላይ እንደ አውትሉክ ያሉ ፕሮግራሞች ጠቋሚውን ከላይ እያስቀመጡ የቀድሞውን ሁሉ ከታች ሲከምሩት፣ የመጥቀስ ልማዱ ከቢሮ ጠፋ ማለት ይቻላል። ለሁለት ሰው ጨዋታ ከላይ መመለስ አይጎዳም። አምስት ሰው ባለበት ግን ይጎዳል።

የሚገርመኝ፣ የእኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይህን ሥርዓት ጠንቅቆ ማወቁ ነው። «በቀን ይህን ያህል፣ በቁጥር ይህን ያህል በተጻፈ ደብዳቤ መጠየቃችሁ ይታወሳል» ብሎ ይጀምራል፤ መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤው ከሦስት ዓመት በኋላ ከመዝገብ ቤት ቢወጣ፣ ያወጣው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይረዳዋል። ኢሜይል ላይ ስንቀመጥ ይህን ትተን «እሺ» ብቻ የምንልበት ምክንያት አይገባኝም።

ኢሜይልም እኮ ቁጥር አለው። ለአንባቢ አይታይ እንጂ እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ መልሱም የየትኛው መለያ መልስ እንደሆነ ውስጡ ተጽፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ጂሜይልና ሌሎችም ልውውጡን በአንድ ላይ የሚሰበስቡት በእንዲህ ዓይነት ምልክት ነው። ስለዚህ አድራሻ መፈለግ ታክቶን አሮጌ ኢሜይል ላይ «መልስ» ተጭነን አዲስ ጉዳይ ስንጽፍ፣ አዲሱን ጉዳይ በአሮጌው ፋይል ውስጥ መቅበራችን ነው። ለአዲስ ጉዳይ አዲስ ኢሜይል ይከፈት።

በአማርኛ ስንጽፍ ሌላም ጥንቃቄ አለ። «ሰነዱን ይላኩልኝ» የሚለው ግሥ ለ«እርስዎ»ም ለ«እነሱ»ም ያው ነው። ግልባጭ የደረሳቸው አምስት ሰዎች ሲያነቡት እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል። «አቶ እገሌ፣ የውሉን ረቂቅ እርስዎ እስከ ዓርብ ይላኩልኝ» ቢባል አክብሮቱ አይጓደልም፤ ሥራውም ባለቤት ያገኛል።

የዚያን ቀኑ መልስ እንዲህ ቢሆን ኖሮ በቂ ነበር፦

> ርክክቡ ማክሰኞ ይሁን ወይስ ሐሙስ?
ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት።
> ክፍያው በቼክ ነው ወይስ በባንክ ዝውውር?
በባንክ ዝውውር።
> የውሉን ረቂቅ የሕግ ክፍሉ አይቶታል?
ገና ነው። ረቡዕ አሳውቃለሁ።

ይህን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እባክዎ፣ ረጅም ልውውጥ ውስጥ ሲመልሱ የተጠየቁትን ጠቅሰው ይመልሱ።