የረዥም ጊዜ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምናና የዘር ደኅንነት

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ያለ ክፍያ መታደል ከጀመረበት ከ2005 ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያን ጊዜ በሕፃንነታቸው ሕክምናውን የጀመሩት ዛሬ ለአካለ መጠን ደርሰዋል። ስለዚህም መድኃኒቱ ለረዥም ዘመን ሲወሰድ ዘርን ይጎዳ እንደ ሆነ የሚጠየቀው ጥያቄ በትምህርት ቤትም መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ሦስት ጉዳዮችን አዳብሎ የያዘ በመሆኑ በየፈርጁ ለይቶ መመልከት ያስፈልጋል።

፩. በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚደርስ ለውጥ

በ1964 ለካንሰር ሕክምና ታስቦ የተቀመመው ዚዶቩዲን በ1987 በአሜሪካ ለኤች.አይ.ቪ. የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። ዚዶቩዲን የዲ.ኤን.ኤ. መሥሪያ ከሆኑት ንጥረ ነገሮች አንዱን፣ ታይሚዲንን ይመስላል። ቫይረሱ አር.ኤን.ኤውን ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ሲገለብጥ ኢንዛይሙ ተታሎ በታይሚዲን ፈንታ መድኃኒቱን በሰንሰለቱ ላይ ይቀጥላል፤ መድኃኒቱ ግን ቀጣዩ ቀለበት የሚያያዝበት ክፍል ስለሌለው ሰንሰለቱ በዚያው ይቋረጣል።

ጥቅሙ የተገኘው ከመመሳሰሉ እንደ ሆነ ሁሉ ሥጋቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ሕዋስ ኃይል የሚያመነጭበት ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲ.ኤን.ኤ. አለው፤ ይህን የሚያባዛው ኢንዛይምም በአንዳንዶቹ መድኃኒቶች ይታገዳል። ስታቩዲን የተባለው መድኃኒት ነርቭን በመጉዳቱና የፊትንና የእጅ እግርን ስብ በማሟጠጡ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል።

በከፍተኛ መጠን ዚዶቩዲን በተሰጣቸው አይጦች ላይ ዕጢ በመታየቱ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት መድኃኒቱን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ነገሮች መደበው። ይህ ምድብ የሥጋትን መኖር እንጂ የአደጋውን መጠን አይገልጽም። መድኃኒቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር ለውጥ በሰው ላይ ስለ ማስከተሉም የተረጋገጠ ማስረጃ አልተገኘም። በአንጻሩ በ1994 ውጤቱ የታወቀው ጥናት እንዳሳየው፣ ዚዶቩዲን ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ኢንፌክሽን ከ25.5 በመቶ ወደ 8.3 በመቶ ዝቅ አድርጎታል።

አንዳንድ ጊዜም ሥጋቱ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከአመራረቱ ይመጣል። በ2007 ኔልፊናቪር ዲ.ኤን.ኤን በሚለውጥ ኬሚካል ተበክሎ በመገኘቱ ከአውሮፓ ገበያ ተሰብስቧል። የጥራት ቁጥጥር የሕክምናው አካል መሆኑን ይህ ድርጊት ያስገነዝባል።

፪. በጽንስ ዕድገት ላይ የሚደርስ ጉዳት

ጽንስ ሲጎዳ ዘረመል ተለውጧል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። በ2018 በቦትስዋና በተደረገ ክትትል፣ ዶሉቴግራቪር እየወሰዱ ካረገዙ እናቶች ከተወለዱ 426 ሕፃናት በ4ቱ ላይ የአንጎልና የአከርካሪ አፈጣጠር ጉድለት ታየ። ብዙ አገሮችም መድኃኒቱን ለሴቶች ከመስጠት ተቆጠቡ። ይሁን እንጂ በ2019 ቁጥሩ ከ1,683 ሕፃናት 5 ብቻ ሆነ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት መድኃኒቱ ለሁሉም ተመራጭ እንዲሆን አሳሰበ። ክትትሉ ሲቀጥል ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የነበረው ልዩነት ጠፋ። ከጥቂት ቁጥር የተገኘ ምልክት ጥንቃቄን እንጂ የችኮላ ፍርድን አይፈቅድም።

፫. የታካሚው የራሱ ውርስ

አባካቪር ለአብዛኞቹ ታካሚዎች የሚስማማ ሲሆን፣ ኤች.ኤል.ኤ.-ቢ 57፡01 የተባለውን የዘረመል ዓይነት በወረሱ ሰዎች ላይ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ የሰውነት ቁጣ ሊያስነሣ ይችላል። ቅድመ ምርመራ አደጋውን እንደሚያስቀር በ2008 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። እዚህ ላይ ለውጥ ያደረሰው መድኃኒቱ አይደለም፤ የዘር ውርሱ አስቀድሞ የነበረ ነው።

፬. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

መድኃኒቱ ዘርን ያበላሻል የሚለው ወሬ ተማሪውን ሕክምናውን እንዲያቋርጥ ቢገፋፋው፣ ቫይረሱ ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ይህ ጉዳት ከሚፈራው ይልቅ የቀረበና የተረጋገጠ ነው። ስለሆነም መምህሩ የተማሪውን ምሥጢር ጠብቆ፣ ጥርጣሬ ያደረበትን ወደ ሐኪሙ ሊመራው ይገባል እንጂ ስለ መድኃኒት ለውጥ ምክር ሊሰጥ አይገባም። የባዮሎጂ ትምህርትም በዘረመል ለውጥ፣ በጽንስ ጉዳትና በውርስ መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ቢያስረዳ ወሬን ለመከላከል ይረዳል። ዕቅድ አውጪዎችም ከቦትስዋና የሚማሩት የወሊድ መዝገብ በጥንቃቄና ለብዙ ዓመታት ካልተያዘ እውነተኛውን ሥጋት ከአጋጣሚ ለመለየት የማይቻል መሆኑን ነው።