የፈጣን ውጤት ጂምና የቆርቆሮ ፕሮቲን፤ ከደጋው ገብስና ባቄላ ጋር ሲመዘን

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሰውነትን ለመለወጥ ተስፋ የሚሰጠው ውድ የጂምና የተጨማሪ ምግብ ፕሮግራም ከፋዩን ለምን አሳዝኖ እንደሚሸኘው ማስረዳት ነው። ነገሩ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት የሚሄደው ወጣት የሚከፍለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው እንደ ቀልድ አያየውም። በመንዝና በግሼ ደጋ ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ ከሚያስገኙለት ነገሮች ዋነኛው በግ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቆርቆሮ ዱቄት የሚወጣው ብር ብዙ ጊዜ ከአገር ቤት በረት ወጥቶ የተሸጠ በግ ዋጋ ነው።

የፕሮግራሙ ዐይነት በየትም አገር ተመሳሳይ ነው። ክፍያው በቅድሚያ ይጠየቃል፤ ገቢው ይመዘናል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ቀጥሎ ዱቄቱን ከዚያው ከጂሙ እንዲገዛ ይነገረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚዛኑ ስለሚለወጥ ደስ ይለዋል። በሁለተኛው ወር ግን ለውጡ ይቆማል። ምክንያቱን ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ «በደንብ አልተከተልህም» ወይም «ሌላ ዱቄት ጨምር» የሚል ነው። ከገንዘቡ ኪሳራ የሚብሰውም ይህ ነው፤ ወጣቱ ጉድለቱ ከገዛ ሰውነቱ እንደ ሆነ አምኖ ይወጣልና።

ንግዱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ፕሩሲያ ውስጥ የተወለደው ጉልበተኛ ዩጂን ሳንዶው በ1897 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ የሰውነት ማጠንከሪያ ተቋም ከፍቶ ነበር። ኋላም ጤናና ኀይል ይሰጣል የተባለ ካካዎ በስሙ ይሸጥ ነበር። ጂሙና ዱቄቱ በአንድ ሻጭ እጅ ከተገናኙ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

1. የመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ ምንድን ነው?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛኑ የሚለወጠው በአብዛኛው በውሃ ምክንያት ነው። ሰውነታችን ከእንጀራና ከቂጣ ያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል። ከእያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ጋር ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይቀመጣል። እንጀራና ድንች የተከለከለ ሰው ይህን ስንቅ ሲጨርስ ውሃውም አብሮ ስለሚወጣ በሳምንት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ይቀንሳል። እንደ ቀድሞው መብላት ሲጀምር ግን ውሃው ይመለሳል።

ለመወፈር የሚፈልገውም እንዲሁ ነው። ክሬያቲን የሚባለው ዱቄት ውሃ ወደ ጡንቻ ስለሚስብ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ክሬያቲን ራሱ ሐሰት አይደለም፤ ለአጭርና ለከባድ ሥራ ጉልበት እንደሚጨምር በብዙ ምርመራ ተረጋግጧል። ሐሰቱ የውሃውን ኪሎ «ሥጋ» ብሎ መሸጡ ነው።

ሁለተኛም፣ ጀማሪው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከበፊቱ ከባድ ብረት ማንሣት ይችላል። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። ምክንያቱ ግን በአብዛኛው ነርቮቹ የነበረውን ጡንቻ በአንድነት ማዘዝ መልመዳቸው ነው። በዐይን የሚታይ የጡንቻ እድገት ለመምጣት ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ሦስተኛም፣ ስብ የሚቀልጥበት ፍጥነት በስሌት የሚታወቅ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። «በ15 ቀን 10 ኪሎ» የሚል ማስታወቂያ እውነት ቢሆን ኖሮ ሰውየው በየቀኑ ከሚበላው በላይ 5,100 ካሎሪ ማቃጠል በተገባው ነበር። ይህም ከባድ ሥራ የሚሠራ ጎልማሳ ቀኑን ሙሉ ከሚያጠፋው ጠቅላላ ጉልበት ይበልጣል። በቀን 500 ካሎሪ የሚያጎድል ሰው በሳምንት የሚቀንሰው ስብ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው።

የአገራችን ሰው ይህን ከኮሶ ያውቀዋል። ኮሶ የጠጣ ሰው በማግስቱ ሆዱ ጠፍጥፎ፣ ፊቱም ከስቶ ይታያል። ሆኖም የኮሶ ሥራ ትሉን ማስወጣት እንደ ሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ «ስብ አቀለጠልኝ» የሚል የለም። ዛሬ ለማክሳት ተብለው ከሚሸጡት ሻዮች ብዙዎቹ እንደ ሰናመኪ ያለ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። የሚያስወጡትም ውሃና የሆድ ዕቃን እንጂ ስብን አይደለም።

2. ውዱ ዱቄት አጓት ነው

«ዌይ ፕሮቲን» እየተባለ በትልቅ ቆርቆሮ የሚሸጠው ነገር በእኛ ቋንቋ ስሙ የታወቀ ነው። አሬራ ተሞቆ አይቡ ሲለይ የሚቀረው ፈሳሽ አጓት ይባላል። በውጭ አገር አይብ ፋብሪካዎችም አጓት ለብዙ ዘመን ወደ ወንዝ ይደፋ ወይም ለአሳማ ይሰጥ ነበር። በኋላ በወንፊት እያጣሩና እያደረቁ ፕሮቲኑን ማውጣት ስለተቻለ ትርፍ ያለው ዕቃ ሆነ።

ይህን በማለታችን አጓት መጠጣት ዱቄቱን ይተካል ማለታችን አይደለም። በአንድ ሊትር አጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ8 ግራም አይበልጥም። አንድ ማንኪያ ዱቄት ከ20 እስከ 25 ግራም ስለሚይዝ፣ ያንኑ ከአጓት ለማግኘት ሦስት ሊትር ያህል መጠጣት ያስፈልጋል። እንግዲህ ዱቄቱ የተጠራቀመ ምግብ ነው፤ ጥሩ ምግብም ነው፤ ነገር ግን መድኃኒት አይደለም። ጡንቻ የሚሠራበትን ጊዜም አያሳጥርም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። አጓት ከወተት ስለሚወጣ ዱቄቱ የፍስክ ምግብ ነው። ረቡዕንና ዓርብን፣ ሁዳዴንም 55 ቀን የሚጾም ተማሪ «በየቀኑ ውሰድ» የተባለውን ትእዛዝ ሊፈጽም አይችልም። ሻጩ ይህን ሳይነግረው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ «አልተከተልህም» ብሎ ሊወቅሰው አይገባም።

3. በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው

በምግብ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ብዙ ጊዜ የሚለካው ናይትሮጅኑን በመቁጠር ነው። ይህን ዘዴ በ1883 ያወጣው ዮሐን ኬልዳል የተባለ የዴንማርክ ኬሚስት ነው። ይሠራ የነበረውም በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ስለ ነበር ዘዴው ለቢራ የሚሆነውን የገብስ ፕሮቲን ለማወቅ ያገለግል ነበር። ዘዴው ናይትሮጅኑ ከየት እንደ መጣ አይለይም። ስለዚህ አታላይ ነጋዴ ርካሽ የሆነ ናይትሮጅን ያለበት ነገር ቢቀላቅል የፕሮቲኑ ቁጥር በወረቀት ላይ ይጨምራል። በ2008 በቻይና በሕፃናት የወተት ዱቄት ውስጥ ሜላሚን የተጨመረው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ስድስት ሕፃናት ሲሞቱ ወደ 300,000 የሚሆኑት ታመሙ።

ከዚህም የሚብስ አለ። በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ርዳታ በ13 አገሮች ከተገዙ 634 የተጨማሪ ምግብ ዐይነቶች መካከል 94ቱ በመግለጫቸው ላይ ያልተጻፈ የሆርሞን ቅመም ተገኝቶባቸዋል፤ ውጤቱ የታተመው በ2004 ነው። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ለማወፈር ተብሎ ደክሳሜታዞን የተባለው የሐኪም መድኃኒት በድብቅ ይሸጣል። ይህ መድኃኒት ምግብ ያስፈልጋል፣ ውሃም ይይዛል፤ ፊትም ስለሚሞላ የወፈረ ያስመስላል። ብዙ ጊዜ ሲወሰድ ግን ጡንቻንና አጥንትን ያደክማል፤ በድንገት ሲቋረጥም ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ ሥራውን ስላቆመ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። ስም የሌለው እንክብል ወይም ተራግፎ በላስቲክ የታሰረ ዱቄት መግዛት የማይገባውም ስለዚህ ነው።

4. የደጋው ምግብ ምን ያህል ይሰጣል?

በ2018 የታተመና 49 ሙከራዎችን በአንድነት የመረመረ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ብረት ለሚያነሣ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ከ1.6 ግራም ያህል በላይ ፕሮቲን መጨመር የጡንቻውን እድገት አያበረታም። እንግዲህ 60 ኪሎ ለሚመዝን ተማሪ 96 ግራም ይበቃዋል ማለት ነው።

ይህን በጾም ቀን ምግብ እንመዝነው። መቶ ግራም ደረቅ ባቄላ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ መቶ ግራም የገብስ በሶ ወይም ቆሎ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ግራም። በቀን 400 ግራም ገብስና 200 ግራም ባቄላ የበላ ሰው ወደ 90 ግራም ይደርሳል። በፍስክ ቀን ግማሽ ሊትር ወተት ቢጨምር 16 ግራም፣ አንድ ዕንቁላል ቢጨምር 6 ግራም ያገኛል።

ሁለቱን አብሮ መብላት ሌላም ጥቅም አለው። ገብስ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ባቄላ ግን ላይሲን ሞልቶታል። በአንጻሩ ባቄላ የሚጎድለውን ሜታዮኒን ገብስ ያሟላለታል። በመርሐቤቴ ቆላ ጤፍና ማሽላ ከሽሮ ጋር ሲበሉ የሚሆነውም ይኸው ነው። የገብስ ቂጣን በባቄላ ሽሮ መብላት የድህነት ምልክት የሚመስለው ወጣት ካለ ይህን ሒሳብ ቢያየው መልካም ነው። ነገር ግን ልኩ መሟላት አለበት፤ በቀን አንድ ጊዜ በሶ በጥብጦ ጠጥቶ ብረት የሚያነሣ ሰው በገብስም ሆነ በዱቄት አይጠነክርም።

5. ከመክፈል በፊት

ጂም መሄድ በራሱ ጠቃሚ ነው። የሚጎዳው የጊዜውን ተስፋ መግዛት ነው። ስለዚህ ወጣቱ ከመክፈሉ በፊት አሠልጣኙን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የወር በወር ክፍያ ይቻል እንደ ሆነ፣ ዱቄቱን ሳይገዛ መሠልጠን ይፈቀድ እንደ ሆነ፣ አሠልጣኙም ከዱቄቱ ሽያጭ ድርሻ ያገኝ እንደ ሆነ። ውጤቱንም በሻጩ ፎቶግራፍ አይለካ፤ መብራቱና አቋቋሙ ብቻ ሲለወጥ ያው ሰው ሌላ ይመስላልና። ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ሚዛን ይመዘን፤ ክንዱንና ወገቡን በሜትር ይለካ፤ ያነሣውን ኪሎ በደብተር ይጻፍ። ፍርዱንም ከ12 ሳምንት በኋላ ይስጥ። የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ማናቸውንም ዱቄት ከመውሰዱ በፊት ሐኪም ያማክር።

ከፍሎ ያዘነውም ወጣት ማወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በሁለተኛው ወር ሚዛኑ የቆመው ሰውነቱ ስለ ሰነፈ ሳይሆን የውሃው ለውጥ ስላለቀ ነው። የጡንቻው ሥራ በዐይን መታየት የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲህ ስለ ሆነ፣ መተው የሚገባው ዱቄቱን እንጂ ልምምዱን አይደለም።