ከቃሬዛው በፊት ትንፋሹ

በየዓመቱ በጥምቀት ዕለት በጎንደር ከተማ፣ በአፄ ፋሲል መዋኛ ጸሎቱና ቡራኬው ሲያበቃ ወጣቶች እየዘለሉ ወደ ውኃው ይገባሉ። በዚያ ዋናተኛም፣ ተመልካችም አይጠፋም። በክረምት መገጭን ወይም አንገረብን ተሻግሮ ከገበያ የሚመለሰውን ገበሬ ደራሽ ጎርፍ ሲወስደው ግን የሚደርሱለት አብረውት የሚጓዙት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በደጋው አገር የተለመደው፣ ሰውየውን ከውኃ አውጥቶ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ቃሬዛ በምጥ ለተያዘችና አጥንቱ ለተሰበረ ባለውለታ ነው። ትንፋሹ ለቆመ ሰው ግን ሩጫው ያለችውን ጥቂት ጊዜ ይበላበታል። አንጎል አየር ካጣ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ከጃናሞራና ከደባርቅ ተራሮች ሥር ካሉ መንደሮች እስከ ጤና ጣቢያ ያለው መንገድ ደግሞ በደቂቃ የሚቆጠር አይደለም። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት እዚያው ወንዙ ዳር ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ሰውየው ሲጠሩት የማይሰማና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው ይጋደማል። ውኃውን ለማስወጣት ቁልቁል መስቀልም ሆነ ሆዱን መጫን ጊዜ ከማጥፋት በቀር ጥቅም የለውም። ለሰጠመ ሰው በቅድሚያ የሚያስፈልገው አየር ነው፤ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ሁለት ጊዜ በአፉ መተንፈስ ይገባል። ከዚያ ሁለት እጅን ደራርቦ የደረቱን አጥንት መሐል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እየገፉ መልቀቅ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። በየ30ው ግፊት ሁለት ትንፋሽ ይሰጣል። ሥራው ጉልበት ስለሚጨርስ በየሁለት ደቂቃው ሰው መቀያየር ይኖርበታል።

መብረቅ ለመታውም ዘዴው ይኸው ነው። ብዙዎች እንዳይነዝራቸው በመፍራት አይጠጉትም፤ ነገር ግን መብረቅ በሰው ገላ ውስጥ አይቀመጥም። ሊፈራ የሚገባው ሌላ መብረቅ እንዳይደገም ነው።

ደረትን በእጅ መግፋት ልብን እንደሚያግዝ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በጽሑፍ ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከዚያ በፊት፣ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለገጠር ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። የኮሌጁ ሐሳብ ዕውቀቱን ገበሬው ዘንድ ማድረስ ነበርና፣ ሁለት እጅና እስትንፋስ ብቻ የሚጠይቅ ዘዴ በከተማ ሆስፒታል ተወስኖ መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው።

የማኅበር መሪዎች የቃሬዛ ተራ እንደሚያወጡ ሁሉ፣ ክረምት ሳይገባ ከየመሻገሪያው አጠገብ ከሚኖሩት ጥቂት ሰዎችን መርጠው፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወይም በቀይ መስቀል በኩል ሥልጠና እንዲያገኙ ማስጠየቅ ይችላሉ። ልምምዱ ገለባ በተሞላ ጆንያ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የጤነኛ ሰው ደረት ግን ለልምምድ አይገፋም።

ሁሉም ይነሣል ማለት አይደለም። የተነሣውም «ድኛለሁ» ቢል ሳንባው ቆይቶ ሊታወክ ስለሚችል በሐኪም መታየት አለበት። የቃሬዛው ተራ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።