በምድረ በዳ ስለሚገኝ የብርጭቆ ድንጋይ

በምዕራብ ግብፅ፥ በሊቢያ ወሰን አጠገብ ባለው በታላቁ የአሸዋ ባሕር፥ ብጫ መልክ ያለው የተፈጥሮ ብርጭቆ ተበትኖ ይገኛል። ብዙዎች ከሰማይ የወደቀ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከ29 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጠፈር የመጣ ታላቅ አለት ምድርን በመታ ጊዜ፥ ከግጭቱ የተነሣው ሙቀት አሸዋውን አቀለጠው፤ የቀለጠውም ፈጥኖ ስለ ቀዘቀዘ ብርጭቆ ኾነ። ስለዚህ እሳቱ ከሰማይ ቢመጣም አካሉ የምድር ነው።

ይኽን ብርጭቆ የጥንት ግብፃውያንም ያከብሩት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. ሃዋርድ ካርተር ባገኘው በንጉሥ ቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ ከነበሩት የደረት ጌጦች በአንዱ መካከል ያለችው ጥንዚዛ ከእርሱ የተቀረጸች ናት። ካርተር ግን በመልኳ ተመርቶ ኬልቄዶን ብሎ መዘገባት፤ እውነተኛ ባሕርይዋ በምርመራ የተገለጠው በ1998 ዓ.ም. ነው።

ዛሬም ሰብሳቢዎች ስለ ጥራቱና ስለ አመጣጡ በብርቱ ይፈልጉታል፤ የሚፈለግ ነገር ደግሞ አስመሳይ አያጣምና፥ ከተራ ብርጭቆ ተሠርቶ በስሙ የሚሸጥ አለ። የንጉሥ ጌጥ እንኳ ሊቁን ካሳሳተ፥ በገበያ የሚገዛ ተሳላሚ ዓይኑን ብቻ አይመን፤ ድንጋዩ ከየት እንደ ተነሣ ይጠይቅ፥ በሚያውቅም ሰው ያስመርምር።